የጀልባ ጥገና ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ስለ ክዳን መደገፊያዎች

የጀልባ ጥገና ክበብ በዚህ ዓመት ትኩረቱን ያደረገው ለተማሪዎች መለማመጃነት በምታገለግለው ባለ ሸራ ጀልባ ሁለት ክዳኖች ላይ ነው። ከፊት በኩል ለመኝታ ክፍሉ ብርሃንና አየር የሚያስገባው የጣሪያ ክዳን መደገፊያው ስለ ደረቀ ያለ ትግል የማይከፈት ሆኖ ነበር፤ ከኋላ ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ክዳን መደገፊያዎች በአንጻሩ ተዳክመው ክዳኑን ከፍ አድርገው መያዝ ተስኗቸው ነበር። ሥራው ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ጀልባ በማዕበል ስትናጥ ሳይታሰብ የሚወድቅ ክዳን ጣት ሊቀጠቅጥ፣ ራስ ሊፈነክት ስለሚችል፣ ከሸራና ከገመድ እድሳት በፊት ይህ እንዲቀድም የወሰንነው በሙሉ እምነት ነው።

የፊተኛው ክዳን መደገፊያ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተት ባለ ሁለት ቱቦ ሲሆን፣ በሚፈለገው ከፍታ ላይ የሚያቆመው እየጠበቀ የሚይዝ የፕላስቲክ ቀለበት አለው። ብዙዎቹ ተማሪዎች ቱቦው ተጣሟል፣ መለወጥ አለበት የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ሆኖም ከመፍረዳችን በፊት ሁለት ተማሪዎች ክዳኑን ደግፈው ይዘው መደገፊያውን ፈታነው። ክዳኑ ለብቻው እንደ ልብ ስለ ተንቀሳቀሰ ማጠፊያው ደህና መሆኑ ታወቀ፤ ቱቦውም በማስመሪያ ሲፈተሽ ቀጥ ያለ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ቱቦዎች ሲለያዩ በመካከላቸው የተጋገረ ነጭ ዱቄት ታየ፤ ይህም የደረቀ ጨውና አሉሚኒየም ሲበላ የሚፈጠረው ኦክሳይድ ነው። አሉሚኒየም ከአይዝጌ ብረት ብሎን ጋር ተነካክቶ የባሕር ውኃ ሲያገኘው ሁለቱ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ በዚህ ሂደት የሚበላው ሁልጊዜ አሉሚኒየሙ ነው። የኬሚስትሪ ትምህርት በዓይን የሚታይበት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ ያለ አይመስለኝም።

ቱቦዎቹ ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ ተዘፍዝፈው፣ በቀጭን ኮምጣጤ ለአጭር ጊዜ ተጠርገውና በደንብ ታጥበው ደረቁ። ብርጭቆ ወረቀት እንዳይነካቸው ከልክለናል፤ ምክንያቱም አሉሚኒየሙን የሚጠብቀውን የላይኛውን ሽፋን ይገፍፈዋል። ቅባትን በተመለከተ ረዘም ያለ ክርክር ተደርጓል። ግሪስ ጨውና አሸዋ ስለሚይዝ ተትቶ ደረቅ የቴፍሎን ቅባት ተመረጠ፤ እርሱም ቢሆን የተቀባው በመዞሪያዎቹ ላይ ብቻ ነው፤ መደገፊያው ክዳኑን የሚይዘው በሰበቃ ስለሆነ፣ የሚጠብቀው ቀለበት ከተቀባ ክዳኑ ይንሸራተታል። ቀለበቱ ራሱ ተሰንጥቆ ስለ ነበር ተለወጠ፤ ብሎኖቹም ሁለቱ ብረቶች እንዳይነካኩ የሚከላከል ቅባት ተቀብተው ታሰሩ። የክዳኑ መስኮት አክሪሊክ (እንደ መስታወት የጠራ ፕላስቲክ) በመሆኑ አሴቶንም ሆነ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ አጠገቡ አልደረሰም፤ እነዚህ አክሪሊክን በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞሉታልና።

የኋለኛው ክዳን ጉዳይ የተለየ ነው። መደገፊያዎቹ በከፍተኛ ግፊት ናይትሮጅን የታመቀባቸው ሲሊንደሮች ናቸው፤ ማሸጊያ ጎማቸው አልቆ ጋዙ ካመለጠ በእጅ የሚጠገኑ አይደሉም። ደከሙ ማለት ባዶ ናቸው ማለት ስላልሆነ መብሳት፣ መቁረጥም ሆነ ማሞቅ በክበቡ ውስጥ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

አዲሱ ምን ያህል ኃይል ይኑረው የሚለው ጥያቄ፣ በሲሊንደሮቹ ላይ የነበረው ጽሑፍ ስለ ጠፋ፣ በስሌት ተመለሰ፤ ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ሥራ ይህ ነው። ክዳኑ 8 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የክብደቱ ማዕከል ከማጠፊያው 30 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ስለዚህ አግድም ሲተኛ የማዞር ኃይሉ 23.5 ኒውተን ሜትር ገደማ ሲሆን፣ 60 ዲግሪ ሲከፈት በግማሽ ቀንሶ ወደ 11.8 ይወርዳል። በዚህ ከፍታ ላይ የመደገፊያው ግፊት ከማጠፊያው 12 ሴንቲ ሜትር ርቆ ስለሚያልፍ፣ ክዳኑን ለመያዝ ሁለቱ መደገፊያዎች በአንድነት 98 ኒውተን፣ እያንዳንዳቸው 49 ኒውተን ያስፈልጋቸዋል። ብርድ የጋዙን ግፊት ይቀንሳል፤ ከ20 ወደ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ 5 በመቶ ያህል ይጠፋል። ንፋስንና የጀልባውን መናወጥ ጨምረን ባለ 80 ኒውተን መረጥን። ከሁሉ የበረታውን እንግዛ ያሉ ተማሪዎች ነበሩ፤ ይሁንና ከልክ ያለፈ ግፊት ክዳኑን እንደሚያጎብጥ፣ ብሎኖቹንም ከቦታቸው እንደሚነቅል ራሳቸው በሰሌዳው ላይ ሠርተው አሳይተዋል። ክዳኑ ሲዘጋ መደገፊያዎቹ ተኝተው ከማጠፊያው 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚርቁ፣ የመጀመሪያውን ማንሻ እጅ እንዲያግዝ ግድ ነው።

ርዝመቱም የኃይሉን ያህል ወሳኝ ነው። መደገፊያው ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት ጫፉ ላይ ከደረሰ ማጠፊያውን ይሰብራል፤ በመሆኑም ተከፍቶም ተዘግቶም ያለው ርቀት ከመገጣጠሚያ ማዕከል እስከ መገጣጠሚያ ማዕከል ተለክቷል። የተገዙት ሙሉ በሙሉ 316 ከተባለው፣ የባሕር ጨውን በተሻለ ከሚቋቋመው የአይዝጌ ብረት ዓይነት የተሠሩ ናቸው። የተገጠሙትም ክዳኑ ሲዘጋ ቀጭኑ ዘንግ ወደ ታች እንዲያዘነብል ተደርጎ ነው፤ እንዲህ ሲሆን በውስጥ ያለው ጥቂት ዘይት ማሸጊያውን ያረጥበዋል።

ሁለቱም ክዳኖች አሁን በአንድ እጅ ይከፈታሉ፤ ባሉበትም ይቆያሉ። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ መደገፊያዎቹን በንጹሕ ውኃ ማጠብ በክበቡ የሥራ መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ በጎን ያሉት ትንንሽ መስኮቶች ማጠፊያ ለሚቀጥለው ዓመት አባላት ቀርቷል።