ለልጄ፦ የቫሳን አንበሳ ከመጀመርሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የስዊድኗ መርከብ የቫሳ ሞዴልሽ እየተጠናቀቀ መሆኑንና በስተፊቱ የሚቀመጠው አንበሳ ብቻ እንደቀረሽ ስትነግሪኝ ደስ ብሎኛል። ከሳጥኑ ጋር የመጣውን የብረት አንበሳ ትተሽ ራስሽ በእንጨት ለመቅረጽ መወሰንሽ ደግሞ ከሁሉ በላይ አስደሰተኝ። ቢላዋ ከማንሳትሽ በፊት ይህን አንብቢልኝ።

መጀመሪያ ልኩን እንያዝ። በ1628 ስቶክሆልም ወደብ ላይ ከሰመጠችውና በ1961 ከወጣችው መርከብ ላይ ያለው አንበሳ 3 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ያንቺ ሞዴል ከእውነተኛዋ 75 ጊዜ ያነሰ (1፡75) ስለሆነ 40 ሚሊ ሜትር ይደርስልሻል። በዚህ ልክ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብትስቺ በእውነተኛው አንበሳ ላይ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር መሳት ነው፤ አፍንጫው ተጣሞ ይታያል። ስለዚህ በዓይን ግምት ሳይሆን በካሊፐር (በመለኪያ መሣሪያው) እየለካሽ ሥሪ።

በሳጥኑ ውስጥ ያለው ሊንደን የተባለው እንጨት ለቢላዋ ይመቻል። የቫሳ ቅርጻ ቅርጾችም ከኦክ፣ ከጥድና ከሊንደን የተሠሩ ናቸው። ነገር ግን 3 ሜትር ላይ የሚያምር እንጨት 40 ሚሊ ሜትር ላይ ያስቸግራል፤ ሊንደን ቀጭን ጠርዝ ላይ እንደ ጥጥ ይቦጨቃል። ቦክስውድ ወይም የፒር እንጨት ካገኘሽ እሱን ያዢ፤ ክራቸው (የእንጨቱ ቃጫ) የጠበቀ ስለሆነ ስስ ጠርዝ ይይዛሉ። ካጣሽ በደንብ የደረቀ የወይራ ቁራጭ ይሆናል። የእጅ መስቀል የሚሠራበት ወይራ ክሩ የደቀቀና ጠንካራ ነው፤ ክሩ የተጠማዘዘበትን ክፍል ግን ተዪው፤ ቢላዋሽ ያንን ጥምዝ ተከትሎ ሳታስቢው ጠልቆ ይገባል። ዋንዛ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ክሩ ሻካራ ስለሆነ ዓይንና ጥፍር አይወጣበትም።

የእንጨቱ ክር ከአንበሳው ራስ ወደ ጅራቱ እንዲሄድ አድርጊ። የወርዱንና የቁመቱን ልክ ከፕላንሽ ወስደሽ በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ጨምሪበት። ርዝመቱን 90 ሚሊ ሜትር ተዪው፤ ከጅራቱ ወዲያ የሚተርፈው 50 ሚሊ ሜትር መያዣሽ ነው። በሞርሳም በእጅም የምትይዢው እሱን ነው፤ አንበሳው አልቆ እስኪሞከር ድረስ እንዳትቆርጪው።

አሁን አደራ የምልሽ ነገር ይኸውልሽ፦ ከሁሉ አስቀድመሽ ማረፊያውን ቁረጪ። አንበሳው ከሆዱ ሥር በተሸካሚው እንጨት ላይ የሚገባበትን ጎድጓዳ ማለቴ ነው። ብዙ ሰው ፊቱንና ጎፈሩን አሳምሮ ይጨርስና ማረፊያውን በመጨረሻ ይቆርጣል፤ ያን ጊዜ የሚይዝበት አራት ማዕዘን ገጽ የለም፣ መጋዙ ይንሸራተታል፣ ስሱ እግር ይሰበራል። ቢተርፍም አንበሳው ወደ ጎን አዘንብሎ ይቀመጣል። እንጨቱ ገና ካሬ ሳለ የተሸካሚውን ውፍረት በካሊፐር ለክተሽ ጎድጓዳውን ከዚያ ትንሽ አጥብበሽ ቁረጪ፤ ከዚያ በቀጭን ሞረድ እየሞከርሽ አስፊው። ሳይወዛወዝ ገብቶ በራሱ ሲቆም ይበቃል። ተሸካሚው ወደ ላይ የሚወጣበትን አቅጣጫም በዚሁ ጊዜ ያዢ፤ አንበሳው የሚዘል የሚመስለው የመርከቧ መስመር በወገቡ በኩል ሳይቆረጥ ሲያልፍ ነው።

ቀጥሎ የጎኑን ሥዕል በስቲክ ኮላ ለጥፊ፤ ነጭ ኮላ ውኃ ስላለው እንጨቱን ያሳብጠዋል። በቀጭን መጋዝ ዙሪያውን ከቆረጥሽ በኋላ የወደቀውን ቁራጭ አትጣዪው። በቦታው መልሰሽ በፕላስተር አስሪው፤ ከላይ የሚታየውን ሥዕል የምትለጥፊበት ደልዳላ ገጽ ይሆንልሻል። ሁለቱንም አቅጣጫ ስትጨርሺ ማዕዘን ማዕዘኑ የቀረ ሻካራ አንበሳ በእጅሽ ይገባል። በመሐል ለመሐሉ በእርሳስ መስመር አስምሪበት፤ በጠረብሽው ቁጥር መስመሩ ይጠፋል፣ በጠፋ ቁጥር እንደገና አስምሪው። አንዱ ጉንጭ ከሌላው ወፍሮ የሚቀረው ይህ መስመር ሲረሳ ነው።

ከዚያ ትልልቁን አካል አውጪ፦ ደረቱን፣ ጎፈሩን እንደ አንድ ክብ፣ ጭንቅላቱን፣ ጭኑን። አንድም ጸጉር አትጀምሪ። አንበሳ ሲባል ለዓይናችን የሚቀርበው የለገሃሩ ሐውልት ነው፤ እሱ ግን ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። የቫሳው ሰውነቱን ዘርግቶ ወደፊት የሚወረወር ነው፤ አንገቱን ቀጥ ካደረግሽው ዝላዩ ይሞታል።

በፊት እግሮቹ መካከል የያዘውን፣ የስዊድን ነገሥታት የቫሳ ቤተሰብ ምልክት የሆነው ነዶ ያለበትን ጋሻ እስከ መጨረሻው ከእግሮቹ ጋር እንደተያያዘ ተዪው። ወደ ታች የሚወርድ እግር ክሩን ስለሚያቋርጥ በቀላሉ ይሰበራል፤ ጋሻው ድልድይ ሆኖ ይይዘዋል። ድንገት ቢሰበር ስብራቱን አትሞርጂው፤ ቁራጩን ፈልገሽ በአንዲት ጠብታ ቀጭን ሱፐር ግሉ መልሺው፣ መጋጠሚያው አይታይም። ቁራጩ ከጠፋ በ0.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) ብሺ፣ የናስ ሽቦ ትከዪ፣ ክሩ በእግሩ ርዝመት የሚሄድ አዲስ እንጨት አጣብቀሽ ቅረጪ።

የጎፈሩን አንድ ዘለላ እንዴት እንደምታወጪ ልንገርሽ። የቀዶ ጥገና ስለት ቁጥር 11ን ቀጥ አድርገሽ ይዘሽ የዘለላውን ጠርዝ እንደተጠማዘዘ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ቁረጪ። ከዚያ ስለቱን አስተኝተሽ ከውጭ ወደዚያ መስመር ላጪ። ፍቅፋቂው ራሱ ይወድቃል። ካልወደቀ መስመሩ አልጠለቀም ማለት ነው፤ እንደገና አጥልቂው እንጂ በስለቱ ጫፍ አትፈልቅቂው፣ አጠገቡ ያለውን ዘለላ ይዞት ይነሳል። በየጎኑ ከ12 እስከ 15 ዘለላ ይበቃል፤ በየዘለላው ላይ ሁለት ሦስት ጭረት ብቻ። ጸጉር በጸጉር ከቀረጽሽው ከክንድ ርቀት ሲታይ ብሩሽ ይመስላል።

ፊቱን በመጨረሻ ሥሪ። ዓይኑን እንደ ኳስ ለመቅረጽ አትድከሚ፤ ከቅንድቡ ሥር አንድ ጠለቅ ያለ፣ ከእሱ በታች አንድ ስስ ቁርጥ አድርገሽ በመሐል ያለችውን ሦስት ማዕዘን አውጪ። ጥላው ዓይን ይሆናል። ለዚህ ነው መብራትሽ አንድ ብቻ ሆኖ ከጎን መምጣት ያለበት፤ ከላይ የሚወርድ መብራት ጥላውን ያጠፋብሻል። አፉን ለመክፈት በ0.6 ሚሊ ሜትር ፑንታ ከሁለቱም ጎን ብሺና ቀዳዳዎቹ ሲገናኙ አስፊው። በየጊዜው በመስተዋት እዪው፤ ለለመደ ዓይን የማይታይ ጥመት በመስተዋት ይታያል።

የብርጭቆ ወረቀት አታብዢ፤ ያወጣሽውን ጠርዝ ሁሉ ያጠፋል። ጀርባውና ጭኑ ላይ ብቻ ባለ 400 ቁጥር ወረቀት፣ ሌላውን በስለቱ ፋቂው። በየ10 ደቂቃው ስለቱን ቆዳ ላይ ሳቢ፤ የደነዘ ስለት ኃይል ይጠይቃል፣ ኃይል ሲጨመር ደግሞ ያመልጥና ጣትሽን ያገኛል። በአውራ ጣትሽ ላይ የቆዳ መሸፈኛ፣ በትንሿ የኤሌክትሪክ መፈልፈያ ስትሠሪ ደግሞ ማስክ አድርጊ።

ዋናው አንበሳ በወርቅ የተለበጠ ነበር። በ40 ሚሊ ሜትር ላይ ግን የወርቅ ቅጠል አልመክርሽም፤ ቅጠሉ ስስ ቢሆንም ከሥሩ የሚቀባው ማጣበቂያ 0.3 ሚሊ ሜትሩን ይሞላዋል። መጀመሪያ የቀጠነ ቢጫ አክሪሊክ፣ ሲደርቅ ሁለት ጊዜ የቀጠነ ወርቃማ፣ በመጨረሻ ውኃ የበዛበት ቡናማ ቀብተሽ ከፍ ከፍ ያለውን በጨርቅ ጥረጊ። ስታጣብቂው ሱፐር ግሉ አትጠቀሚ፤ ለማቃናት ጊዜ አይሰጥም፣ ትነቱም ቀለሙ ላይ ነጭ ጉም ይጥላል። የ0.8 ሚሊ ሜትር የናስ ሽቦ ከውስጥ አድርገሽ በነጭ ኮላ አስቀምጪውና ከፊት ለፊት ሆነሽ ከምሰሶዎቹ ጋር ቀጥ ማለቱን አረጋግጪ።

ቀለም ከመቀባትሽ በፊት ከጎን፣ ከፊትና ከላይ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ያን ጊዜ ገና የሚስተካከል ነገር አለ።

አባትሽ