የካናቢስን ላቦራቶሪ ባለ ምርቱ አይምረጥ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

በካሊፎርኒያ በሕጋዊ ሱቅ የሚሸጥ ካናቢስ (ማሪዋና) በላቦራቶሪ ስለተመረመረ ያለ ሥጋት ሊወሰድ ይችላል የሚለው አስተያየት በኅብረተሰባችን ዘንድ በተለይም ለሕመም ማስታገሻነት በሚጠቀሙት ዘንድ እየተለመደ መጥቷል። ምርመራው በወረቀት ላይ ጥብቅ መሆኑ አይካድም፤ ሕጉ 66 ዓይነት የፀረ ተባይና የፀረ ሻጋታ ኬሚካሎች፣ ከባድ ብረቶችና ጎጂ ሻጋታዎች እንዲመረመሩ ያዝዛል፤ ናሙና ሲወሰድም በቪዲዮ እንዲቀረጽ ያስገድዳል። ችግሩ ላቦራቶሪውን የሚመርጠውና ሒሳቡን የሚከፍለው ምርቱን ለገበያ የሚያቀርበው ድርጅት ራሱ መሆኑ ነው፤ ይህም ዳኛ ደመወዙን ከተከሳሽ እጅ እንዲቀበል ከማድረግ አይለይም።

ገዢው በአብዛኛው ዓይኑ የሚያርፈው በብልቃጡ ላይ በተጻፈው የቲኤችሲ (የካናቢስ ዋና አስካሪ ንጥረ ነገር) መጠን ላይ ስለሆነ፣ 30 በመቶ የሚል ውጤት የሚሰጥ ላቦራቶሪ ደንበኛ ሲጎርፍለት፣ ያንኑ የካናቢስ አበባ ለክቶ 20 በመቶ ነው ያለው ሐቀኛ ባለሙያ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ቲኤችሲ በብዛት የሚገኘው አበባውን በሸፈኑት ጥቃቅን የሙጫ እንክብሎች ውስጥ በመሆኑ፣ ከእነዚሁ የረገፈ ብናኝ ናሙናው ላይ ቢነሰነስ ቁጥሩ ወዲያው ከፍ ይላል። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ ላቦራቶሪዎች አበባን በአንድ ወጥ ዘዴ እንዲለኩ ማስገደዷ ተገቢ እርምጃ ቢሆንም፣ ወጥ ዘዴ የተበላሸ ናሙናን አያስተካክልም።

የቲኤችሲው ማጋነን ኪስ ቢጎዳ ነው፤ የፀረ ተባይ ምርመራው ማጭበርበር ግን ጤናን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 በሳክራሜንቶ አንድ ላቦራቶሪ የ22 ፀረ ተባይ ኬሚካሎችን ውጤት ለወራት በሐሰት ሲሞላ እንደቆየ ተደርሶበት ፈቃዱን አስረክቧል። ለወይን ተክል የሚረጨው ማይክሎቡታኒል የተባለው ፀረ ሻጋታ በእሳት ሲግል ሃይድሮጅን ሳያናይድ የተባለውን መርዛማ ጋዝ እንደሚያወጣ ስናስብ፣ በሚጨስ ምርት ላይ እንዲህ ያለ ማጭበርበር ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ይሆናል። የፌዴራሉ መንግሥትም ተክሉን እንደ ሕገወጥ ዕፅ ስለሚቆጥር፣ ለሌሎች ሰብሎች እንደሚያደርገው ሁሉ የተፈቀደ የኬሚካል መጠን አልወሰነለትም።

ስለዚህ ላቦራቶሪው በግዛቲቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አማካይነት በዕጣ ቢመደብ፣ ክፍያውም ከጋራ ቋት ቢፈጸም፣ ከሱቅ መደርደሪያ በድንገት እየተገዛ የሚደረገው ዳግም ምርመራም ከነምርቱ ስም በይፋ ቢወጣ የተሻለ ይሆናል። እስከዚያው ለሕመምተኛ ቤተሰብ የሚገዙ ወገኖቻችን ከቲኤችሲው ቁጥር ይልቅ የፀረ ተባይና የሻጋታ ምርመራው የሰፈረበትን ገጽ ከሻጩ ጠይቀው እንዲያዩ እመክራለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ