የገዛነውን ሶፍትዌር ፈታትተን ማየት እንችላለን?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ መዝገባችን የተያዘው በደረሰኝ በተገዛ አንድ የአማርኛ ሶፍትዌር ነው። አምና አሮጌው ኮምፒውተር ሞተ። ሶፍትዌሩ አዲሱ ላይ አልሠራም አለ። ፋይሎቹን በሌላ ፕሮግራም ስንከፍታቸው የላቲን ፊደልና ምልክት ተዘበራርቆ ወጣ። ሻጩን ፈለግነው። ሱቁም የለም፣ ስልኩም አይነሳም። የስንት ዓመት መዋጮ፣ ያረፉ አባሎቻችን ስም፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ደረጃ፣ ዩኒኮድ፣ ውስጥ ፊደላችን የገባው እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ እያንዳንዱ ሠሪ ፊደሉን በራሱ ኮድ ነበር የሚደረድረው። አንድ ፎንት አልበቃ ብሏቸው ለሁለት የከፈሉትም ነበሩ። ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት የቤተ ክርስቲያን መዝገብ እንዲህ ተቆልፎ እንደቀረ ቤት ይቁጠረው።

የጎረቤቴ ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል። የምናውቃቸውን የአባላት ስሞች ከምልክቶቹ ጋር እያስተያየ ፊደሉን አንድ በአንድ አገኘው። ሳምንት ፈጀበት። የመዋጮው ሠንጠረዥ ግን ሶፍትዌሩን ራሱን ካልፈታቱት፣ ማለትም ውስጡ የተጻፈውን ትእዛዝ አውጥተው ካላነበቡት፣ አልከፈት አለ። እዚህ ላይ ልጁ እጁን ሰበሰበ። «ጋሼ፣ ይሄ ወንጀል አይሆንብኝም?» አለኝ። ስንጭነው «እስማማለሁ» ያልነው ውል መፍታትንም መቀየርንም ይከለክላላ።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አውጥቼ አነበብኩ። በአንቀጽ 14 መሠረት የፕሮግራም ቅጂ ሕጋዊ ባለቤት፣ ፕሮግራሙን ለተገዛበት ዓላማ ለመጠቀም አስፈላጊ ከሆነ፣ ሳያስፈቅድ አንድ ቅጂ ማባዛት ወይም ፕሮግራሙን ማስማማት ይችላል። ትልቅ ነገር ነው። እንደኔ እንደኔ የእኛም ጉዳይ እዚህ ውስጥ ይገባል። ግን አንቀጹ ስለመፍታት በስም አያነሳም። ውሉ ሲከለክልስ? መልስ የለውም።

አውሮፓውያን ይህን እንደ ፈረንጆቹ በ1991 በመመሪያ ጽፈው በ2009 አድሰውታል። ሁለት ፕሮግራሞችን ለማግባባት መፍታት ይቻላል፤ ይህን የሚከለክል ውል ዋጋ የለውም። በ2021 ደግሞ የኅብረቱ ፍርድ ቤት ገዢው ስህተት ለማረምም መፍታት ይችላል ብሎ ወሰነ። አሜሪካ ውስጥ ግን በ1998 የወጣው ሕግ ዲጂታል ቁልፍ መስበርን ስለሚከለክል፣ ገበሬ ሶፍትዌሩ የተቆለፈበትን የራሱን ትራክተር ለመጠገን እንኳ በየሦስት ዓመቱ በሚታይ ልዩ ፈቃድ ነው የሚጠለለው። እባካችሁ ያንን መንገድ አንከተል።

ክራክ፣ ማለትም ቁልፉ የተሰበረ ሶፍትዌር፣ እያባዙ መሸጥን አልደግፍም። ሠሪው ለፍቷል፣ እኛም ከፍለን ነው የገዛነው። የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ግን አንቀጽ 14ን እንዲያሟሉት እጠይቃለሁ። ሕጋዊ ባለቤት ስህተት ለማረምና መረጃውን ወደ ሌላ ፕሮግራም ለማሻገር መፍታት እንደሚችል በግልጽ ይጻፍ። ይህን የሚከለክል ውልም ፈራሽ ይሁን።

ልጁ እስካሁን አልቀጠለም። እኔም ግፋበት ለማለት አልደፈርኩም። ሠንጠረዡ ፍላሽ ላይ ተቀምጧል፤ አባላት መጥተው የከፈሉትን ሲጠይቁኝ የማሳያቸው ነገር የለኝም።

የእድር ጸሐፊ፣ ከአዲስ አበባ