የትል ፈረስ
(የሥነ ሕይወት ክበብ የዓመቱ ዘገባ)

ክበባችን ዘንድሮ ሥራ የጀመረው በ31 አባላትና አምፖሉ በተቃጠለ አንድ ማይክሮስኮፕ ነው። እስከ ታኅሣሥ ችግኝ ከማጠጣት በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልሠራንም።

ከገና በኋላ ከጮቄ ግርጌ የምትመጣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የበግ ጭንቅላት በፌስታል ይዛ መጣች። በጓ አዙሪት ይዟት፣ በአንድ ጎን ብቻ ስትዞር ሰንብታ አባቷ ያረዷት ናት። «ለውሻ ሊጥሉት ሲሉ ለምኜ ወሰድኩት» አለች።

የነበረን ጓንት ሁለት ጥንድ ነው። የራስ ቅሉ አንድ ቦታ ላይ ሳስቶ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ስንከፍተው የዶሮ እንቁላል የምታክል፣ ጥርት ያለ ውኃ ያቆረች ከረጢት አንጎሉ ላይ ተኝታለች፤ ከውስጥ ጤፍ የመሰሉ ነጫጭ ነጥቦች ተሰባስበውባታል። እያንዳንዷ ነጥብ ውሻ ሆድ ብትገባ የኮሶ ትል ትሆናለች። የትሉ እንቁላል ከውሻ ዓይነ ምድር ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፣ በግ ትግጠዋለች፣ ከመንጋው ተነጥላ ስትዞር ደግሞ ለቀበሮ ትመቻለች።

ክርክሩ ሦስት ዓርብ ፈጀ። አንዱ ልጅ «ዛር ፈረሱን እንደሚጋልብ ትሉም በጓን ይጋልባታል» አለ። ጭንቅላቱን ያመጣችው ልጅ ግን «ከረጢቱ ስለተጫናት ነው የምትዞረው። ጣራ ከብዶት ቤት ሲዘም ጣራው ቤቱን ነዳው ይባላል?» ብላ ሞገተችው። እኔም ለእሷ አደላሁ።

መንዳት ከተባለ የጉንዳኗ ነው። ነገሩ በደንብ የተጠናው አውሮፓ ግጦሽ ላይ ነው። ዲክሮሲሊየም የሚባል የበግ ጉበት ትል አለ። እጮቹን ቀንድ አውጣ ከዝልግልግ ጋር ይተፋቸዋል፣ ጉንዳን ትበላቸዋለች። አብዛኞቹ ሆዷ ውስጥ ሲቀመጡ አንዱ ወደ ራሷ ይወጣል። ሲመሽና ሲቀዘቅዝ ጉንዳኗ ሣር ጫፍ ላይ ወጥታ በመንጋጋዋ ነክሳ ታድራለች፤ በማለዳ የሚግጥ በግ ከሣሩ ጋር ይውጣታል። ፀሐይ ከበረታ ለቃ ወርዳ ሥራዋን ትቀጥላለች፤ ማታ እንደገና ትወጣለች። ቀትር ላይ እዚያው ብትቀር ደርቃ ትሞታለች፣ ትሉም አብሯት።

የእብድ ውሻን ነገርም በሚኒ ሚዲያ አቅርበናል፤ ቫይረሱ ምራቁን በሞላበት ሰዓት ውሻው ተናካሽ መሆኑን። ከዚያ ወዲህ ያረፈደ ተማሪ ሁሉ በር ላይ «ትሌ ነው» ማለት ጀምሯል። የዲሲፕሊን ኮሚቴው አላመሰገነንም።

ለመጪው ዓመት የማይክሮስኮፕ አምፖል ጠይቀናል። ጭንቅላቱን ከቤተ ሙከራው ጀርባ ቀብረነዋል። የዘበኛው ውሻ ሁለት ጊዜ ሊያወጣው ስለሞከረ ድንጋይ ጨምረንበታል።