ይድረስ ለአዲስ አበባ የመንገድ መብራት ኃላፊዎች፦ ሌሊት ሌሊት እንኳን ቀነስ አድርጉልን

ጤና ይስጥልን። መጀመሪያ ምስጋናውን ላስቀድም፣ ኮሪደሩ ከተሰራ ወዲህ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ማታ 3 ሰዓት ላይ በእግር መሄድ ደስ ይላል፣ ሴቶቹም ሳይሳቀቁ ይሄዳሉ፣ ልጆች ሳይክል ይነዳሉ፣ ይሄን የሚክድ የለም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፣ እኛ ሰፈር ማታ 1 ሰዓት ላይ ያለው ድምቀት ሌሊት 9 ሰዓት ውሻ እንኳን በማያልፍበት ሰዓት ለምንድነው ያው የሆነው?

የምኖረው ኮንዶሚኒየም 2ኛ ፎቅ ላይ ነው፣ የፖሉ ራስ ከመኝታ ቤታችን መስኮት ትይዩ ነው። ባለቤቴ መጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ደርባ ሰቅላለች፣ ትንሿ ልጃችን ግን አሁንም የነጋ እየመሰላት ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ ቁርስ ትለናለች። ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። አይናችን ውስጥ ቀንና ሌሊቱን ለሰውነታችን የሚነግሩ ሴሎች አሉ፣ በጣም የሚነቁት ደግሞ በሰማያዊ ብርሃን ነው፣ እነሱ ሲነቁ ሜላቶኒን የሚባለው የእንቅልፍ ሆርሞን ይቀንሳል። ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚለው ነጭ አምፖል ሰማያዊው ይበዛበታል፣ 2700 ወይ 3000 የሚለው ቢጫው ግን ያንሳል፣ የአሜሪካ ሐኪሞች ማህበርም በ2016 እ.ኤ.አ. የመንገድ መብራት ከ3000 ባይበልጥ ይሻላል ብሎ መክሯል። እና ለምን ነጩ ብቻ?

ወጪውንም እንየው። እኛ ሀገር ሌሊቱ ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት ገደማ ነው፣ ስለዚህ ባለ 100 ዋት መብራት አንድ እንኳን ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ በዓመት 438 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ከሌሊቱ 5 እስከ 11 ሰዓት ወደ ግማሽ ዲም ቢደረግ ሩቡ ይተርፋል ማለት ነው፣ ኤልኢዲ ደግሞ እንደ ድሮው የሶዲየም አምፖል አያስቸግርም፣ ብርሃኑ ሲቀነስ የሚበላውም አብሮ ይወርዳል። ሕዳሴ ተመርቆ፣ 5150 ሜጋዋት እያለን ምን አስጨነቀህ የሚለኝ አይጠፋም። እሺ ሃይሉ ሞልቷል እንበል፣ ታዲያ ከዋናው መንገድ 100 ሜትር ገባ ሲሉ ለምን ድቅድቅ ጨለማ ሆነ?

ዋናው ነገሬ ይሄ ነው በቃ። ከዚያ ቦግ ካለ አስፋልት ወጥታችሁ ወደ ኮብልስቶኑ ስትታጠፉ ምንም አይታያችሁም፣ አይን ጨለማውን በደንብ እስኪለምድ 20፣ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ክዳኑ የተነሳው ቱቦ ደግሞ እዛው መታጠፊያው ላይ ነው ያለው። አስፋልቱ በደመቀ ቁጥር የኛ መንገድ የባሰ ይጨልማል። ከማታ ፈረቃ የምትመለስ ጎረቤታችን የስልኳን ባትሪ መሬት መሬት እያበራች ነው የምትገባው፣ ስልኳን ነጥቀው የሚሮጡ እንዳሉ እያወቀች።

ፖሉ ላይ የተጠመጠመው ቀለም የሚቀያይረውም አለ። ለጥምቀት፣ ለመስቀል ይብራ፣ ያምራል፣ ማን ጠላ፣ ግን ትራፊክ መብራት አጠገብ ቀይና አረንጓዴ ብልጭ ድርግም ሲል ሹፌሩ የቱን ይመልከት?

እና ምን እናድርግ ካላችሁኝ፣ አንድ መንገድ ብቻ ለሙከራ ምረጡ፣ ከ5 ሰዓት በኋላ ዲም አድርጉት፣ ወደ ሰው መስኮት የሚያበራውን በቆርቆሮም ቢሆን ከልሉት፣ አምፖል ሲቃጠል በቢጫው ተኩት። ዜብራና ፌርማታ ላይ ግን እንዳትቀንሱ፣ እዛ ሹፌር ሰው ማየት አለበት። ወር ሲሞላ ቆጣሪውን እዩና በተረፈው ውስጥ ለውስጥ መንገዱ ላይ መብራት ትከሉ፣ ከኛ መታጠፊያ ብትጀምሩ ደግሞ ቱቦውንም በዛው ትከድኑልናላችሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ