የወይኑን ቅጠል አትንኪበት

ልጄ፣

ትናንት «ወይኑ ከሰዓት በኋላ ይጠወልግብኛል፣ በቀን ሁለቴ እያጠጣሁት ነው» ስትይኝ ዝም አልኩሽ። በስልክ ከጀመርኩ እንደማላቆም ስለማውቅ ነው። ይኸው ጻፍኩልሽ።

ቀትር ላይ ቅጠል ረገበ ማለት አፈሩ ደርቋል ማለት አይደለም። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ የምትወስደውን ያህል ሥሩ መሳብ ያቅተዋል። አመሻሹ ላይ ቀና ካለ ደህና ነው። በማለዳም እንደረገበ ካገኘሽው ግን ጠምቶታል።

በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማርከፍከፉን ተዪው። ላዩ ብቻ ሲርስ ሥሩም ላይ ላዩን ይቀራል፤ ከዚያ አንድ ቀን ከዘነጋሽው ጉድ ይፈላል። በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ፣ በማለዳ፣ ውሃው ቀስ እያለ ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር እንዲሰርግ አድርጊ። አሸዋማ አፈር ቶሎ ስለሚደርቅ ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል። መስረጉን ለማወቅ ቀጭን ብረት ሰክተሽ ሞክሪ፤ እርጥቡ ድረስ ሳያስቸግር ይገባል። በማሰሮ የተተከለችው ሎሚ ግን ሌላ ናት። እሷ በሙቀት ጊዜ በየቀኑም ልትጠጣ ትችላለች።

ሥሩ ላይ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ጎዝጉዢ። ግንዱን ግን አያስነካው፣ ይበሰብሳል። አረሙንም ንቀዪ፤ ውሃሽን የሚጠጣብሽ እሱ ነው።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት። አንድ በጋ «ዘለላዎቹ ፀሐይ ያግኙ» ብዬ በምዕራብ በኩል ያለውን ቅጠል ሙልጭ አድርጌ አነሳሁት። የከሰዓቷ ፀሐይ ናት የምትከፋው፣ እኔ መች አወቅኩ! በሦስተኛው ቀን ፍሬው ቡናማ ሆኖ ተጨማደደ። አባትሽ እስካሁን ይስቅብኛል። መቀስ ይዘሽ ከሆነ አስቀምጪው። ቀድመሽ ቆርጠሽ ከሆነም ከሰዓት በኋላ ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚያጠላ መረብ፣ ካጣሽ ስስ ነጭ ጨርቅ፣ ፍሬውን ሳይነካ ከርቀት ወጥሪበት።

ፀሐይ የሚያገኘውን የሎሚዋን ግንድ በውሃ የሚቀጥን ነጭ ቀለም እኩል በውሃ በጥብጠሽ ቀቢው፤ ልጡ አይሰነጠቅም። ማዳበሪያው ሙቀቱ እስኪበርድ ይቆይ፤ አሁን ለጋ ቅጠል ቢያወጣ የሚጠጣ አፍ መጨመር ነው።

እሁድ ስትደውዪ ብረቱ ስንት ሴንቲ እንደገባ ንገሪኝ።

እናትሽ