ትሬሲንግ ፔፐር መሸጥ ለምን አቆምን? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ትሬሲንግ ፔፐር፣ ማለትም ሥዕል ላይ አንጥፈን የምንገለብጥበትን ብርሃን አሳላፊ ወረቀት፣ መሸጥ ካቆምን ወዲህ ብዙዎቻችሁ እንደተከፋችሁ አውቃለሁ። ከኮምቦልቻ ድረስ ትራንስፖርት ከፍላችሁ መጥታችሁ ባዶ እጃችሁን የተመለሳችሁ አላችሁ። ለደረሰባችሁ መጉላላት ይቅርታ እጠይቃለሁ። «ደብቀውት ነው፣ ዋጋው እስኪወደድ እየጠበቁ ነው» የሚለው ወሬ ግን አንጀቴን አሳርሮታል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ።

ይህን ሱቅ አባቴ ሲከፍተው ደብተር፣ እርሳስና ጠመኔ ብቻ ነበር የሚሸጥበት። ትሬሲንግ ፔፐር ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ጥልፍ የሚሠሩ እህቶች ስለጠየቁኝ። ከዚያ የአርክቴክቸር ተማሪዎች መጡ። ማስታወቂያ ጻፊዎችና የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሠሩ ወንድሞችም ተከተሉ። ጥቅሉን በሜትር እየቆረጥኩ የሸጥኩት ሙሉ ጥቅል መግዛት የማይችል ሰው እንዳይቀርበት ብዬ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ገብቶ ሲወጣ ሱቁን ባዶውን አገኘነው። ያኔ «አብሽሪ» ብላችሁ፣ ብሩን ቀድማችሁ ሰጥታችሁ ዕቃ ያዘዛችሁኝ እናንተ ናችሁ። እንዲህ ከደገፈኝ ሰው ላይ ዕቃ እደብቃለሁ? ፈጽሞ አላደርገውም።

ወረቀቱ ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መርካቶ የምገዛበት ዋጋም አብሮ ወጣ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል የጭነት ኪራይ አለ። የሱቅ ኪራይ አለ። በዚያ ላይ ወረቀቱ እርጥበት አይችልም። ሲሠራ ቃጫው እጅግ ስለሚደቅቅ በመሀሉ አየር አይቀርም ማለት ይቻላል፤ ብርሃን የሚያሳልፈውም ለዚህ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ግን ይስብና ይጨማደዳል። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሱቅ ውስጥ ይገባል። የተጨማደደውን እየቆረጥኩ የምጥለው ከኪሴ ነው።

በአዲሱ ዋጋ አንድ ሜትር ስንት እንደሚሆን ስተምነው እጄ አልታዘዝ አለኝ። ጥልፍ ሠሪዋ ከአንድ ንድፍ የምታገኘውን ትርፍ ወረቀቱ ሊበላው ነው። ደግሞ የአብዛኞቻችሁን ሥራ አውቀዋለሁ። ያለዚህ ወረቀት ይሠራል። እያወቅሁ ውዱን ልሸጥላችሁ አልፈለግሁም።

በምትኩ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት አስገብቻለሁ፤ እሱንም በሜትር እቆርጣለሁ። ሥዕል ላይ ስታነጥፉት ከሥር ያለው መስመር በደንብ ይታያል። ልሙጥ ስለሆነ ጠንካራ እርሳስ ያንሸራትታል፤ ለስላሳዎቹን 2ቢ ወይም 4ቢ እርሳስ ተጠቀሙ። ቀለም አይዝም፣ ስለዚህ ለእርሳስ ብቻ ነው። ሰም የተቀባውን ወረቀት ግን አትግዙ፣ እርሳስ አይቀበልም።

ንድፉን ወደ ሌላ ወረቀት ለማሻገር ካርቦን ወረቀት የምትጠይቁኝ አላችሁ። እሸጣለሁ፣ ግን ለሥዕል አልመክርም። መስመሩ በላጲስ አይለቅም። የንድፉን ጀርባ በ6ቢ እርሳስ ቀብታችሁ ከፊት በኩል መስመሩን ብትደግሙት የሚያርፈው ምልክት በቀላሉ ይጠፋል፣ ዋጋውም የእርሳስ ብቻ ነው። ለጥልፍ ደግሞ ከዚህም የቀለለ አለ። ንድፉን መስመር መስመሩን በመርፌ ነቁጡት፤ ከዚያ ጨርቁ ላይ አስቀምጣችሁ የጠመኔ ዱቄት በጨርቅ ቋጥራችሁ መታ መታ አድርጉ። ለጥቁር ጨርቅ ነጭ፣ ለነጭ ጨርቅ ሰማያዊ ጠመኔ ይሆናል። ሰማያዊው እንደሚለቅ አስቀድማችሁ ጥግ ላይ ሞክሩት። አንድ የተነቆጠ ንድፍ ለብዙ ቀሚስ ይበቃል።

ዘይት የተቀባ ወረቀትስ ያላችሁኝ ሠዓሊዎች፣ እውነታችሁን ነው። የጣሊያን ሠዓሊዎች ከ600 ዓመት በፊት ቀጭን ወረቀት በተልባ ዘይት እየቀቡ ብርሃን እንዲያሳልፍ ያደርጉ ነበር። ተልባውም ወረቀቱም እዚሁ አለ። ግን ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል፣ ውሎ አድሮም ቢጫ ይሆናል። ሳይደርቅ ጥሩ ሥዕል ላይ አታንጥፉት፣ ያበላሸዋል። የቀባችሁበትን ጨርቅም ጨምድዳችሁ ጥግ ላይ አትጣሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ስለሚሞቅ ጨርቁ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ከሁሉም የምወደው ግን ሱቁ ውስጥ ያሠራሁት የመስታወት ጠረጴዛ ነው። ከሥሩ አምፖል አለው። ተራውን 80 ግራም ኤፎር ወረቀት ሥዕሉ ላይ አንጥፋችሁ መገልበጥ ትችላላችሁ። ክፍያ የለውም። መብራት ሲጠፋ የፊት ለፊቱን መስኮት ተጠቀሙ፤ ወረቀቱን በፕላስተር ለጥፋችሁ ቀን ቀን ይሠራል።

በቀለም የመጨረሻ ንድፍ የምታስረክቡ ተማሪዎች እውነተኛው ወረቀት ያስፈልጋችኋል፣ 90 ግራሙ። ለእናንተ ምትክ አለ ብዬ አልዋሽም። ስማችሁን አስመዝግቡ። የአንድ ጥቅል ያህል ሰው ሲሞላ አመጣለሁ፣ የመርካቶውን ደረሰኝ አሳያችኋለሁ፣ የትራንስፖርቱን ብቻ ጨምሬ እንካፈለዋለን። ቅድሚያ ክፍያ ግማሹ ይበቃል።

ቅር ያላችሁ ብትኖሩ ለሌላ ሰው ከመንገራችሁ በፊት እባካችሁ ለእኔ ንገሩኝ። ሱቁ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነው። ለጠረጴዛው ከሰዓት በኋላ ሰው ስለሚበዛ ጠዋት ብትመጡ ይሻላል።

አክባሪ እህታችሁ፣
የሱቁ ባለቤት
ደሴ፣ ፒያሳ